እሴቱ ከግድግዳ ወደ ማርክ ሊስት፦ በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሠራውና የማይሠራው

የካቶሊክ ትምህርት ቤት ግቢ ስትገቡ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ ማየታችሁ አይቀርም። ፍቅር፣ አገልግሎት፣ መከባበር፣ ልህቀት። ጽሑፉ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም፤ የሚለያየው አሠራሩ ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በማስተማርና በማስተዳደር ሥራ የቆየን ሰዎች፣ አንድ ትምህርት ቤት የጻፈውን ይኖረው እንደሆነ ለማወቅ አራት ወረቀት እንጠይቃለን፦ የጊዜ ሰሌዳውን፣ ማርክ ሊስቱን፣ የዲሲፕሊን መዝገቡንና የክፍያ ደብተሩን። እሴቱ ከአራቱ በአንዱም ካልታየ የለም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ለአዲስ መምህራን፣ ለአስተዳዳሪዎችና ልጅ ለማስመዝገብ ለሚያስቡ ወላጆች የተጻፈ ነው።

የዓላማው ምንጭ ብዙ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መለያ በወንጌል የነጻነትና የፍቅር መንፈስ የሚኖር ማኅበረሰብ መፍጠሩ እንደሆነ ይናገራል። በተለይ ሊታሰብላቸው የሚገቡትንም ይጠቅሳል፦ ድኾች፣ የቤተሰብ ድጋፍና ፍቅር ያጡ፣ እንዲሁም እምነቱን የማይጋሩ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕገ ቀኖና ቁጥር 806 ደግሞ ትምህርቱ በጥራቱ በአካባቢው ካሉት ሌሎች ትምህርት ቤቶች ቢያንስ እንዳያንስ ያዝዛል። ሁለቱ አብረው መነበብ አለባቸው። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ትምህርት ቤት ደካማ ፊዚክሱን በመዝሙር ይሸፍናል፤ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ውድ የፈተና ማሠልጠኛ ሆኖ ይቀራል።

አገራችን ውስጥ ሌላ ወሰንም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም የመንግሥት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ አይሞሉም። ስለዚህ 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ካቶሊኩ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ማንም የለም። ይህን ያላገናዘበ የእሴት ሰነድ ከሌላ አገር ተቀድቶ የመጣ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜም ነው።

ሰነድ ከመጻፋችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን የመሠረተው ማኅበር ማን እንደሆነ እወቁ። አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የላሳል ወንድሞች ማኅበር ነው። መሥራቻቸው ቅዱስ ዮሐንስ ላሳል (1651–1719 እ.ኤ.አ.) የድኻ ልጆች በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ፣ ተራ በተራ ሳይሆን በክፍል ተሰብስበው እንዲማሩ ያደረገ ካህን ነው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ዝም ብለው በእግዚአብሔር ፊት መሆናቸውን ማሰብ የላሳሎች ልማድ ነው። መቀሌ ያለው ዶን ቦስኮ ትምህርት ቤት የሳሌዥያኖች ማኅበር ነው፤ የእነሱ ዘዴ ምክንያትን፣ ሃይማኖትንና አፍቃሪ ደግነትን አንድ ላይ ይዞ ጥፋትን ሳይፈጸም መከላከል ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ሰሌዳ ቢሰቅሉ አንዱ ከሌላው ገልብጧል።

የሚያረቅቀው ኮሚቴ ከ7 ሰው ባይበልጥ ይሻላል፦ ከአስተዳደር 1፣ ከመምህራን 2፣ ከወላጅ መምህር ኅብረት 1፣ ተማሪዎች 2፣ እና ከጥበቃ ወይም ከጽዳት ሠራተኞች 1። የመጨረሻው ለይስሙላ አይደለም። ማን በአጥር እንደሚዘል፣ ማን ጠዋት ሰላም ብሎ እንደሚገባ ዘበኛው ከዩኒት ሊደሩ በላይ ያውቃል። እሴቶቹ 4 ይበቃሉ፤ 10 ከሆኑ መምህሩ ራሱ አያስታውሳቸውም። ለእያንዳንዱ እሴት ሦስት ዓምድ ይሰመር፦ ተማሪው ምን ያደርጋል፣ መምህሩ ምን ያደርጋል፣ ትምህርት ቤቱ ምን ወጪ ያወጣል። «መከባበር»ን እንውሰድ። ተማሪው ሌላው ሲናገር አያቋርጥም፤ የጽዳት ሠራተኛዋን «አንቺ» ብሎ አይጠራም። መምህሩ የፈተና ውጤት በክፍል ፊት ጮክ ብሎ አያነብም። ትምህርት ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቁልፍና ውሃ እንዲኖረው ያደርጋል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበትን እሴት ከሰነዱ አውጡት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው «ልህቀት» ነው፤ ምክንያቱም ላይብረሪው ከ11 ሰዓት በኋላ እንዲከፈት የሚከፈለው ሰው የለም።

አሁን ወደ ክፍሉ። አዲስ መምህር በካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲቀጠር ብዙውን ጊዜ የሚመስለው በየፔሬዱ 5 ደቂቃ ምክር መጨመር እንዳለበት ነው። ውጤቱ መጥፎ ነው። ከ40 ደቂቃ ላይ 5 ደቂቃ ይቀንሳል፤ ተማሪውም ምክር ሲጀመር ጆሮውን ዘግቶ የሌላ ትምህርት አሳይመንት ይሠራል። እሴት የሚገባው ትምህርቱ በሚሠራበት መንገድ በኩል ነው።

የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ውስጥ ያለውን የአሲድ–ቤዝ ታይትሬሽን፣ ማለትም አንዱን ፈሳሽ ለማብቃት ከሌላው ስንት እንደሚያስፈልግ የሚለካበትን ሙከራ፣ እንመልከት። 20 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፍላስክ ውስጥ ይገባል፤ ማብቂያውን በቀለም የሚያሳየው ፊኖልፍታሊን 2 ወይም 3 ጠብታ ይጨመርበታል፤ ከቢዩሬቱ (ልክ ከተሰመረበት ረጅም ቱቦ) «0.1 ሞላር» የተባለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየተንጠባጠበ ስስ ሮዝ ቀለም መጥቶ 30 ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ ሲቆይ ይቆማል። ከቢዩሬቱ መውረድ ያለበት በስሌት 20.0 ሚሊ ሊትር ነው፤ ተማሪዎቹም አስቀድመው ያውቁታል። ነገር ግን የትምህርት ቤት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ የኖረ ነው። ከአየር ላይ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ፣ ተመዝኖ ሲበጠበጥ ጥንካሬው ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ያንሳል። ስለዚህ በሐቅ የለካ ቡድን ከ20 በላይ፣ 21 ምናምን ያገኛል። ከ10 ቡድኖች 8ቱ 20.0 ብለው ካስገቡ ማንም አልለካም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሐቀኝነት መስበክ አያስፈልግም፤ ማርኩን ማስተካከል ይበቃል። ከ10፦ እዚያው በብዕር ለተመዘገበ ጥሬ ንባብ 3፤ በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ለሚቀራረቡ ንባቦች 2 (የመጀመሪያው ግምታዊ ንባብ አይቆጠርም)፤ ውጤቱ ለምን ከ20 እንደራቀ ለሚሰጥ ማብራሪያ 3፤ ዕቃ አጥቦ ለመመለስ 2። «ትክክለኛው መልስ» ለብቻው ማርክ የለውም። የተሳሳተ ንባብ በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ በፍሉይድ አይሸፈንም። ተማሪዎቹ ለልዩነቱ ምክንያት ሲፈልጉ የቢዩሬቱን ጫፍ የአየር አረፋ፣ ዐይንን ከፈሳሹ ከፍታ እኩል አለማድረግን፣ ቀለሙ ደምቆ እስኪያልፍ መቆየትን፣ በመጨረሻም የጠርሙሱን ዕድሜ ይደርሱበታል። ቢዩሬቱ አንድ ብቻ ከሆነ መምህሩ ከፊት ይሥራውና 6 ተማሪ እየወጣ ያንብብ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ሳይሰማ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ስድስቱ ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ሲወጡ የሚለያዩ መሆናቸው ራሱ ትምህርት ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የተለየ በጀት አይደለም፤ ትንሽ ድፍረት ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ወላጅ «ልጄ መልሱን አግኝቶ ለምን 5 ብቻ አመጣ?» ብሎ ይመጣል። ለእሱም የማርክ ክፍፍሉን ማሳየት ነው።

በሌሎች ትምህርቶችም መንገዱ ይኸው ነው። ሒሳብ ላይ ስለ ጥርቅም ወለድ ስታስተምሩ የአራጣ ብድርን፣ በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በዓመቱ ስንት እንደሚከፍል አስሉአቸው፤ 1,000 ብር ወደ 3,138 ብር ሲያድግ ክፍሉ ራሱ ይናገራል። ታሪክ ላይ ለአንድ ክስተት ሁለት የሚቃረኑ ምንጮች ስጡ።

ማርክ ሊስቱ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ጥፋት አለ፦ ለማርፈድ፣ ላልተቆረጠ ፀጉር፣ ለጠፋ ዩኒፎርም ከሒሳብ ወይም ከባዮሎጂ ማርክ መቀነስ። ሪፖርት ካርዱ 72 ይላል፤ ልጁ የሚያውቀው ግን የ80 ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ሐሰት የተናገረው ትምህርት ቤቱ ነው። ሥነ ምግባር ኮንዳክት በሚለው ቦታ ለብቻው ይጻፍ። ኮንዳክትም ቢሆን ለዝምተኛ ልጅ የሚታደል ኤ እንዳይሆን፣ ሰዓት ማክበር፣ የራስን ሥራ መሥራት፣ ሌላውን መርዳትና ንብረት መጠበቅ በሚሉ አራት ነጥቦች ይሞላ፤ የክፍል ኃላፊው ከሌሎች ሁለት መምህራን ጋር ይስማማበት፤ ተማሪውም ካርዱ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ይነገረው። ያኔ ለማስተካከል ጊዜ አለው።

ኩረጃ ላይ ለስላሳ መሆን ደግነት የሚመስላቸው መምህራን አሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ብሔራዊ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲወስዱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ልጆቹ ናቸው። የሚሠራው ይህ ነው፦ ሁለት ዓይነት የጥያቄ ወረቀት፣ በወንበር መካከል ክፍተት፣ ሞባይል ከክፍል ውጭ። የተያዘ ተማሪ የሆነውን በራሱ እጅ ይጻፍ፤ ያ ፈተና ዜሮ ይሁን፤ ነገር ግን ፈተናውን ያለ ማርክ እንደገና ይሥራው፤ ካልሆነ ምዕራፉን ሳያውቅ ያልፋል። ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ወላጅ ተጠርቶ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሂድ። መምህሩም ጥያቄዎቹን ይመልከት። «ዘርዝር» እና «ተርጉም» ብቻ የሚል ፈተና ተማሪውን እንዲቀዳ ይጋብዘዋል።

የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች አብረው የሚማሩበት ጉዳይ ሰፊ ነው፤ ብዙው ችግርም የሚመጣው ከጊዜ ሰሌዳው ነው። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቴስት አታድርጉ፤ ሙስሊም ተማሪዎች ጁምዓ አላቸው። በረመዳን ስፖርትን ወደ መጀመሪያው ፔሬድ አምጡት፤ ለጾመኛው ሩጫ ግዴታ አይሁን። ካፍቴሪያው ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55ቱንም ቀን የጾም ምግብ ይኑረው፤ ሽሮና ምስር ከጠፋ ልጁ ዳቦ በሻይ በልቶ ይውላል። የሻሽና የሂጃብ ጉዳይ በምዝገባ ቀን በጽሑፍ ይለቅ፤ ጥቅምት ላይ በር ላይ የሚነሳ ክርክር ለማንም አይበጅም።

የጠዋት ሰልፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ደቂቃ ዝምታ በቂ ነው። እያንዳንዱ በእምነቱ ያስባል። የላሳል ወንድሞች ልማድ ለዚህ በጣም ይስማማል፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በአምላክ ፊት መቆሙን አይጠላም። ሁሉንም በአንድ ድምፅ «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ» ማስባል ግን ጸሎቱንም ልጆቹንም መናቅ ነው። የካቶሊክ ተማሪዎች የትምህርተ ክርስቶስ ጊዜ ከፔሬድ ውጭ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ በወላጅ ፈቃድ ይሁን። የትምህርት ቤቱ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ሲከበር ቅዳሴው በፈቃደኝነት ነው፤ ለማይገቡት የሚረባ ነገር ይዘጋጅ፣ ለምሳሌ ላይብረሪ ይከፈት ወይም የሚኒ ሚዲያ ፕሮግራም ይኑር። ፀሐይ ላይ ማስቆም ወይም ግቢ ማስጠረግ ቅጣት ነው፤ ልጆች ይህን ወዲያው ይረዱታል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። አንዳንድ አስተዳደር ከመፍራቱ የተነሣ ጸሎት ቤቱን ቆልፎ፣ መስቀሉን አውርዶ፣ ማንነቱን እንደ ጥፋት ይደብቃል። ወላጅ ልጁን ሲያስገባ የት እንዳስገባው ያውቃል። ጸሎት ቤቱ በዕረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ክፍት ይሁን፤ የገባ ይግባ። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም የግዕዝ ሥርዓት ያላት፣ ገናን ታኅሣሥ 29 የምታከብር ስለሆነች የበዓላት ጉዳይ ከውጭ አዲስ የሚመጡ ሚስዮናውያን እንደሚፈሩት አይከብድም።

ስለ ማኅበራዊ አገልግሎት። በዓመት 20 ሰዓት መልካም ነው፤ ለ9ኛ ክፍል ከዚያ ይነስ። ብዙ ትምህርት ቤት የሚያደርገው ግን በአውቶቡስ 60 ልጅ ጭኖ፣ ማካሮኒና ዘይት አስረክቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ነው። ይህ ጉብኝት ነው፤ አገልግሎት አይደለም። ስድስት ኪሎ ወዳለው የማዘር ቴሬዛ ቤት ወይም ወደ ሌላ ተመሳሳይ ቦታ ስትሄዱ ቡድኑ ከ12 እስከ 15 ይሁን፣ ከሁለት መምህራን ጋር። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሲስተሮቹን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ሳሙና፣ ዳይፐርና የሰው ጉልበት ነው። ሞባይል ትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ ካሜራ ያለው ልጅ ሌላውን ሰው የሚያየው በስክሪን ነው። ሥራው ልብስ ማጠብ፣ ማብላት፣ ወለል መወልወል ይሁን። ተላላፊ ሕመም ወዳለበት ክፍል ልጆች አይግቡ፤ የወላጅ ፊርማ ያለበት ፈቃድም በእጃችሁ ይኑር። ተመልሳችሁ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ፔሬድ ያዙና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን አየህ? ምን አስቸገረህ? ሰዎቹ እዚህ እንዲደርሱ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ሦስተኛው ሲዘለል ልጆቹ የሚወስዱት የራሳቸውን ጥሩነት ብቻ ነው። አንድን ቦታ በዓመት አራት ጊዜ መሄድ አራት ቦታ አንዳንድ ጊዜ ከመሄድ ይሻላል፤ ሁለተኛው ጉዞ ላይ አንዷ አሮጊት የልጁን ስም ታስታውሳለች።

የዲሲፕሊን መዝገቡን ስታገላብጡ መጀመሪያ የምታዩት ጥፋቶቹ የት እንደተፈጸሙ ነው። ብዙዎቹ ከመጸዳጃ ቤት ጀርባ፣ በካፍቴሪያ ሰልፍና በመውጫ ሰዓት በር ላይ ከሆኑ ችግሩ በከፊል የመምህራን ምደባ ነው። የሳሌዥያኖች ዘዴ በተግባር ይህ ነው፦ በዕረፍት ጊዜ መምህሩ ስታፍ ሩም ሳይሆን ከልጆቹ መካከል ይሁን፣ ቢቻል ኳሱን አብሮ ይጫወት። 15 ደቂቃ ሦስት መምህር በተራ መመደብ ከአንድ ወር የቅጣት ወረቀት በላይ ይሠራል። ጥፋት ሲፈጸም መጀመሪያ ከልጁ ጋር ብቻ መነጋገር፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ ወላጅ፣ በመጨረሻ ኮሚቴ። ዱላና ማንበርከክ የለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል። «ልጅ ካልተመታ አይማርም» የሚል ወላጅም ሆነ መምህር ይህን አንቀጽ እንዲያነብ ስጡት።

ከልጆች ደኅንነት ጋር የተያያዘው ደግሞ ለድርድር አይቀርብም። የጋይዳንስ ቢሮ በር መስታወት ይኑረው፤ መምህር ከተማሪ ጋር በግል ቴሌግራም አይጻጻፍ፤ ቱቶሪያል በተዘጋ ክፍል ለአንድ ልጅ ብቻ አይሰጥ። ቅሬታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት፣ ተመርጠው ስማቸው በየክፍሉ ይለጠፍ። ይህ ለካህኑም፣ ለብራዘሩም፣ ለሲስተሯም እኩል ይሠራል።

የክፍያ ደብተሩ ስለ ድኾች የተጻፈውን ይፈትናል። ነጻ ወይም በግማሽ ክፍያ የሚማሩ ልጆች ቁጥር በበጀት ውስጥ አስቀድሞ ይወሰን፤ በጎ አድራጊ ሲገኝ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ በችግር ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ስማቸውን ከሦስት ሰው በላይ አይወቅ። ዩኒፎርማቸው ከዚያው ልብስ ሰፊ ይውጣ፤ የተለየ ጨርቅ የለበሰ ልጅ በግቢው ሁሉ ይታወቃል። ክፍያ ያልከፈለ ወላጅ በታሸገ ፖስታ ይጻፍለት፤ ልጁ ከፈተና አይውጣ፣ ስሙም በሰልፍ ላይ አይጠራ። የራሱን ተማሪዎች በገንዘብ የሚያስጠና መምህር ጉዳይም እዚሁ ይገባል። ክፍል ውስጥ ያልጨረሰውን ምዕራፍ ማታ በክፍያ የሚጨርስ ከሆነ ትምህርቱ ለከፋዩ ብቻ ሆነ። የራስን ክፍል ተማሪ በክፍያ ማስጠናትን በቅጥር ውሉ ላይ መከልከል፣ በምትኩም የትምህርት ቤቱን ቱቶሪያል መምህሩ ተከፍሎት እንዲያስተምር ማድረግ ሁለቱንም ያስማማል።

የመግቢያ ፈተናም መታየት አለበት። 90 ያመጡትን ብቻ መርጦ ተቀብሎ 12ኛ ክፍል ላይ 90 አስመዘገብኩ ማለት የመምህራኑን ሥራ አያሳይም። ከመቀመጫው የተወሰነውን ከአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚመጡ ልጆች ለይቶ፣ መጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በእንግሊዝኛና በሒሳብ ማካካሻ መስጠት ይቻላል። ያለ ማካካሻው ከሆነ ግን ልጁን ለውድቀት መጋበዝ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ክፍሉ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

መምህራኑም አብዛኞቹ ካቶሊክ አይደሉም፤ መሆንም የለባቸውም። ጳጉሜን ላይ ሁለት ቀን አሰባስቡአቸው። የማኅበሩን ታሪክ ግማሽ ቀን ያህል ንገሯቸው፤ የቀረውን ጊዜ የራሳቸውን ዓመታዊ ዕቅድ ይዘው ከየምዕራፉ አንድ ቦታ ላይ እሴቱ በሥራ የሚታይበትን እንዲያመለክቱ አድርጉ፣ ልክ እንደ ታይትሬሽኑ። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቶ የሚያይ ዲፓርትመንት ኃላፊ ያንኑ ገጽ ይዞ ይግባ። የታረመ ወረቀት በ7 ቀን ውስጥ መመለሱንም ይቁጠር፤ በወር የሚመልስ መምህር ስለ ኃላፊነት ቢናገር ማንም አይሰማውም።

ወላጆች ደግሞ በምዝገባ ቀን ስንት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ብቻ አትጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ በነጻ ተማረ? የተባረረ ካለ በምን ምክንያት? ልጄ ቅዳሴ ካልገባ የት ይቀመጣል? የመምህራን ለውጥ በዓመት ምን ያህል ነው? ርእሰ መምህሩ የመጀመሪያውን መመለስ ካቃተው ወደ ሒሳብ ክፍል ጎራ በሉ፤ ቁጥሩ እዚያ አለ።